ስለ አስፈሪ ጨዋታዎች ያለኝ አስተያየት

በዓመት አንድ ጊዜ በሚወጣው በዚህ መጽሔታችን ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ ንጽሕና፣ ስለ ደን አጠባበቅና ስለ መልካም ጠባይ ብዙ ተጽፏል፤ ወደ ፊትም ይጻፋል። እኔ ዛሬ የማቀርበው አሳብ ግን በመምህራንም ሆነ በወላጆች ዘንድ እምብዛም ክብር ስለሌለው ነገር ነው። ይኸውም በእጅ በሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ስለሚጫወቱት አስፈሪ የቪዲዮ ጨዋታዎች፣ ይልቁንም ከ20 እና ከ30 ዓመት በፊት ስለ ተሠሩት ነው። አንባቢዬ ገና ከመጀመሪያው «ይህ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?» እንደሚል ዐውቃለሁ። ፍርዱን ከመስጠቱ በፊት ግን ነገሬን እስከ መጨረሻው እንዲሰማልኝ እለምነዋለሁ።

ነገሩ በየቤቱ ያከራክራል። በንፋስ መውጫም ሆነ በመካነ ኢየሱስ፣ በወገዳም ሆነ በአርብ ገበያ፣ ስልክ ያለው ተማሪ ጨዋታ አያጣበትም። ወላጆች «ጌም የጊዜ ሌባ ነው፤ አስፈሪው ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ የልጅን ልብ ያናውጣል» ይላሉ። ወጣቶች በበኩላቸው «ጨዋታ ጨዋታ ነው፤ ተዉን» ይላሉ። የእኔ አሳብ ከሁለቱም የተለየ ነው። እነዚህ የቀድሞ አስፈሪ ጨዋታዎች በዕድሜና በልክ ከተያዙ፣ ሰው ያለችውን ጥቂት ነገር ቈጥሮ እንዲይዝ፣ ፈርቶም ቢሆን አእምሮውን ሳይጥል እንዲራመድ የሚያለማምዱ መልካም ሥራዎች ናቸው። ስለዚህ ሥርዐት ሊበጅላቸው ይገባል እንጂ ፈጽመው ሊከለከሉ አይገባም እላለሁ።

ለማያውቃቸው አንባቢ በመጀመሪያ ምን እንደ ሆኑ ላስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1989 ካፕኮም የተባለው የጃፓን ኩባንያ «ስዊት ሆም» የተባለ ጨዋታ አወጣ። በዚህ ጨዋታ ጥቂት ሰዎች መንፈስ በሚጠናወተው ትልቅ ቤት ውስጥ ተዘግቶባቸው መውጫ ይፈልጋሉ። እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ ፍሬደሪክ ሬናል የተባለ ፈረንሳዊ «አሎን ኢን ዘ ዳርክ»፣ በእኛ ቋንቋ «በጨለማ ብቻን» እንደ ማለት ያለውን ጨዋታ ሠራ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1996 ሺንጂ ሚካሚ በሚባል ሰው መሪነት «ሬዚደንት ኢቭል» ወጣ። እነዚህ ጨዋታዎች በዓለም የሚታወቁበት «ሰርቫይቫል ሆረር» የሚለው ስም የተስፋፋው በዚህ ጨዋታ ነው፤ ትርጓሜውም ከሚያስፈራ ነገር መካከል በሕይወት መውጣት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ኮናሚ የተባለው ሌላው የጃፓን ኩባንያ ኬይቺሮ ቶያማ የመራውን «ሳይለንት ሂል» ጨመረበት። ዛሬ ሰው «የጥንቶቹ» እያለ የሚጠራቸው በተለይ እነዚህንና ተከታዮቻቸውን ነው።

እኔ አስቀድሜ ያወቅኋቸው ተማሪ ሳለሁ በፕሌይ ስቴሽን ቤት በቴሌቪዥን ነው። አሁን እንደ ገና የተጫወትኋቸው ግን ፒ.ኤስ.ፒ. በሚባለው፣ ሶኒ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 በጃፓን ለገበያ ባወጣው የእጅ መሣሪያ ነው። መስተዋቱ ከጥግ እስከ ጥግ ሲለካ 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ለቀድሞው ፕሌይ ስቴሽን የተሠሩትን ጨዋታዎች እንዲያጫውት ተደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ የመሣሪያው ንግድ አከተመ። ስለዚህ ዛሬ የሚገኘው ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ የተላለፈው ብቻ ነው። ሌሎችም የእጅ መሣሪያዎች እነዚህን ጨዋታዎች ተቀብለዋቸዋል። «ሬዚደንት ኢቭል» 10 ዓመት በሞላው ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2006 ለኒንቴንዶ ዲ.ኤስ. ተዘጋጀ፤ ታድሶ የተሠራውም እ.ኤ.አ. በ2019 ለኒንቴንዶ ስዊች ወጣ። በአንድ ወቅት ትልቅ ቴሌቪዥን ይጠይቅ የነበረው ፍርሃት እንግዲህ በመዳፍ ላይ ዐረፈ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እነዚህን ጨዋታዎች ከሌሎቹ የሚለያቸው የመጀመሪያው ነገር እጥረት ነው። በብዙ የተኩስ ጨዋታ ጥይት እንደ ዝናም ይፈሳል፤ ተጫዋቹም ሳያስብ ይተኩሳል። በ«ሬዚደንት ኢቭል» ግን እያንዳንዷ ጥይት ትቈጠራለች። ክሪስ የተባለውን ሰው የመረጠ ተጫዋች ይዞ መሄድ የሚችለው 6 ዕቃ ብቻ ነው፤ ጂል የተባለችውን የመረጠ 8 ይይዛል። ቁልፍ ከያዝህ ለመድኀኒት ቅጠል የሚሆን ቦታ ታጣለህ፤ ሽጉጥና ጥይት ከያዝህ ደግሞ በመንገድ ያገኘኸውን ጠቃሚ ነገር ጥለኸው ትሄዳለህ። የደረስህበትን ቦታ ለመመዝገብ፣ ተጫዋቾች «ሴቭ» የሚሉትን ለማድረግ እንኳ የጽሕፈት መኪና ማግኘት አለብህ፤ ለእያንዳንዱም ምዝገባ አንድ የታይፕ ሪባን ይጠፋል። ሪባኑ ካለቀ የሠራኸው ሁሉ ሳይመዘገብ ይቀራል፤ ከሞትህም ወደ ቀድሞው ምዝገባ ትመለሳለህ። ስለዚህ ተጫዋቹ በየደጃፉ ቆሞ ያስባል። ይህን ጭራቅ ልግደለው ወይስ ልሽሸው? አሁን ልመዝግብ ወይስ ጥቂት ልራመድ? ይህን ቅጠል አሁን ልጠቀምበት ወይስ ለባሰ ቀን ላቈየው?

በእኛ አገር ይህ አሳብ እንግዳ አይደለም። የላይ ጋይንት፣ የታች ጋይንትና የስማዳ ሰው እጥረት ምን እንደ ሆነ ከማንም መማር አያስፈልገውም። በ1997 ዓ.ም. የሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲጀመር እነዚህ ወረዳዎች ከታቀፉት መካከል የሆኑት ያለ ምክንያት አይደለም። ክረምት ገብቶ ጎታው ሲጎድል የቤቲቱ እመቤት የምታደርገውን ያየ ልጅ፣ ለዘር የሚሆነው ገብስ ከሚበላው ተለይቶ እንደሚቀመጥና ምንም ቢርብ ቶሎ እንደማይነካ ያውቃል። ዛሬ ጠግቦ ለማደር ብሎ ዘሩን የበላ ሰው በሚመጣው ዓመት ምን እንደሚያገኘው የታወቀ ነው። ረኀብን ከጨዋታ ጋር ማስተካከሌ አይደለም፤ ይህ ነውር ይሆናል። ነገር ግን ይህ የእናቶቻችን ብልኀት በሩቅ አገር ሰዎች ጨዋታ ውስጥ ዋናው ሕግ ሆኖ ሳገኘው ደስ አለኝ። በጨዋታው የሚያሸንፈው ያለውን አውቆ የሚራመደው ነው፤ እጀ ፈጣኑ ብዙ ጊዜ ጥይቱን ጨርሶ በባዶ እጁ ይቀራል።

ሁለተኛው ነገር የማይታየው ከሚታየው ይልቅ እንደሚያስፈራ ማወቃቸው ነው። ይህም ጥበብ የተወለደው ከችግር ነው። የመጀመሪያው ፕሌይ ስቴሽን ዋና ማስታወሻ 2 ሜጋ ባይት ብቻ ነበር። ዛሬ በስልካችን የምናነሣት አንዲት ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ ከዚህ ትበልጣለች። በዚህ በጠበበ ቤት ውስጥ አንድ ሙሉ ከተማ ማሳየት የማይቻል ነበር። የ«ሳይለንት ሂል» ሠሪዎች ምን አደረጉ ቢባል፣ ከተማውን በጉም ሸፈኑት። መኪናው ሊሥለው ያልቻለውን ሩቅ ነገር ጉሙ ደበቀው፤ ጉሙም ራሱ የጨዋታው ታላቅ ፍርሃት ሆነ። በዚያ ጉም ውስጥ የሚሄደው ሰው ሃሪ ሜሰን ይባላል፤ ወታደር አይደለም፤ የጠፋችበትን የ7 ዓመት ልጁን የሚፈልግ አንድ ደራሲ ነው። ሲሮጥ ይደክመዋል፤ ሲተኩስም ይስታል። በኪሱ ያለችው ትንሽ ራዲዮ ክፉ ነገር ሲቀርብ ትንጫጫለች፤ ስለዚህ ተጫዋቹ አስቀድሞ ይሰማል፤ ከየት እንደሚመጣበት ግን አያይም።

«ሬዚደንት ኢቭል» እንዲሁ ነው። የቤቱ ክፍሎች አስቀድመው እንደ ሥዕል ተዘጋጅተው የተቀመጡ ናቸው፤ ካሜራውም በአንድ ማዕዘን ቆሞ አይንቀሳቀስም። በዚህ ምክንያት ተጫዋቹ ከግድግዳው ጥግ ወዲያ ያለውን አያይም፤ የሚሰማው የእግር ኮቴ ብቻ ነው። ከክፍል ወደ ክፍል ሲገባ በጨለማ ውስጥ አንድ በር ቀስ ብሎ ሲከፈት ይታያል። ይህ የሆነው መሣሪያው ቀጣዩን ክፍል ከሲዲው እስኪያነብ ድረስ ጊዜ ስለሚፈልግ ነው። የሠሪዎቹ ብልኀት ግን የመጠበቂያውን ጊዜ የመፍሪያ ጊዜ አደረገው። ከበሩ ወዲያ ምን አለ እያለ የተጫዋቹ ልብ ይመታል።

የጉናን ጉም የሚያውቅ የእኛ አገር ሰው ይህን ለማስተዋል አይቸገርም። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ከላይ ጋይንትና ከእስቴ የሚዋሰን ተራራ ነው፤ ርብና ጉማራ የሚነሡትም ከእርሱ ነው። በክረምት ጉሙ ሲወርድ በዐሥር እርምጃ ያለ ነገር አይለይም። ጅብራው ነጠላ ተከናንቦ የቆመ ሰው ይመስላል። መንገደኛ የሚሄደው በጆሮው ነው፤ የበግ ድምፅ፣ የውሃ ድምፅ፣ የውሻ ጩኸት እየለየ። ጉሙ ተገልጦ ጅብራው ጅብራ መሆኑ ሲታይ ፍርሃቱ ይጠፋል። አሁን የሚሠሩት ብዙ አስፈሪ ጨዋታዎች ጭራቁን በሙሉ ብርሃን፣ ከነጥርሱና ከነጥፍሩ ያሳያሉ። እኔ እንደሚመስለኝ በዚህ ምክንያት ነው የሚያስደነግጡ ሆነው የማያስፈሩት።

ከዚህ ለተማሪ የሚሆን አንድ ትምህርት እናገኛለን። «መሣሪያ ስለሌለን ምንም መሥራት አንችልም» የሚል ቃል በየትምህርት ቤቱ ይሰማል። ቤተ ሙከራው አልተሟላም፤ ኮምፒዩተሩ አሮጌ ነው፤ መብራቱ ይጠፋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ሊሟላም ይገባል። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች የመሣሪያቸውን ጉድለት ጠንቅቀው ስላወቁት በጉድለቱ ተጠቀሙበት፤ የሠሩትም ከ25 ዓመት በላይ ቆየ። ጉድለትን ማወቅና በጉድለት ማማረር የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

እንግዲህ ጨዋታዎቹ በእጅ በሚያዝ መሣሪያ ሲሆኑ ምን ይለወጣል? መልካምም ክፉም ይለወጣል። መልካሙ፣ ፍርሃቱ በተጫዋቹ ቁጥጥር ሥር መሆኑ ነው። አንድ ቁልፍ ሲነካ መሣሪያው ያንቀላፋል፤ ጭራቁም ባለበት ይቆማል። እናት ስትጠራ፣ እንግዳ ሲመጣ፣ እንጀራ ሲቀርብ ወዲያው ይታጠፋል። መብራት በጠፋበት ምሽት እንኳ ባትሪው እስካለ ይሠራል፤ ባትሪው ሲያልቅ ደግሞ ራሱ «በቃህ» ይላል። መስተዋቱ ትንሽ በመሆኑ አሮጌው ሥዕል በትልቅ ቴሌቪዥን ላይ ያህል የተሰባበረ አይመስልም። ድምፁም በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማ ከኋላ የሚመጣው ኮቴ ከቀድሞው ይልቅ ይቀርባል።

ክፉው ደግሞ ብቸኝነቱ ነው። በፕሌይ ስቴሽን ቤት አንዱ ጆይስቲኩን ሲይዝ ሌሎቹ ከኋላ ሆነው «በስተ ግራ! ዕጣንስ! ሩጥ!» የሚሉ ነበሩ። እንቆቅልሹን የሚፈታው አንዱ፣ ካርታውን የሚያስታውሰው ሌላው ነበር፤ ፍርሃቱም ለብዙ ሰው ተካፍሎ ወደ ሣቅ ይለወጥ ነበር። በእጅ መሣሪያ ግን ሰው ብቻውን ይፈራል። ስለዚህ የእጅ መሣሪያ ያለው ሰው ከወንድሙ፣ ከእኅቱ ወይም ከጓደኛው ጋር በየተራ እየተቀባበለ እንዲጫወት እመክራለሁ። በብርድ ልብስ ውስጥ ተደብቆ እስከ እኩለ ሌሊት መቆየት ግን ጨዋታም ዕረፍትም አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ይመጣል፤ እኔም ሳልመልስለት ማለፍ አልፈልግም። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንዲሉ፣ ፍርሃት ያልጠፋበት አገር ሰው ለምን ፍርሃትን በገንዘብ ይገዛል? የሚል ነው። ተቃውሞው ሚዛን አለው። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ደርሶ ሕዝቡ ብዙ መከራ አይቷል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል፤ ብዙ ተማሪዎች ዓመታቸውን አጥተዋል። ከእነዚህ ወንበሮች ላይ ከሚቀመጡት ልጆች መካከል የእውነተኛ ተኩስ ድምፅ ያልሰማ ጥቂት ነው። እንዲህ ላለ ልጅ የጨዋታ ተኩስ ምን ይጠቅመዋል?

መልሴ በሁለት የተከፈለ ነው። አንደኛ፣ ለማይጠቅመው ሰው አይጠቅመውም። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባላል። በውኑ የደረሰበት ነገር የሚታወሰው፣ በሌሊት የሚባንን፣ በር ሲንኳኳ የሚደነግጥ ተማሪ እነዚህን ጨዋታዎች ቢተው ትክክል ያደርጋል። «ፈሪ» ብሎ የሚያሾፍበት ጓደኛ ካለ የሚያሳፍረው እርሱ ራሱ ነው። እንዲህ ያለው ተማሪ የሚያስፈልገው የሚያዳምጠው ሰው ነው፤ መምህሩ፣ የነፍስ አባቱ፣ ታላቁ ወይም ሐኪም ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ የእውነቱ ፍርሃትና የጨዋታው ፍርሃት አንድ አይደሉም። የእውነቱ ፍርሃት ፈቃድ አይጠይቅም፤ ልክም የለውም፤ መቼ እንደሚያልቅም አይታወቅም። የጨዋታውን በር ግን የሚከፍተው ተጫዋቹ በገዛ እጁ ነው፤ ሲፈልግም ይዘጋዋል። በመካከሉ የሚለማመደው ነገር አለ። ልቡ እየመታ ካርታውን ያነባል፤ እጁ እየተንቀጠቀጠ ጥይቱን ይቈጥራል፤ በቀረችው ቅጠል ላይ ይወስናል። ፈርቶ ማሰብን ይማራል ማለት ነው። አባቶቻችንም ቢሆኑ ይህን ያውቁ ነበር። ማታ በእሳት ዳር ስለ አያ ጅቦና ስለ ጭራቅ የሚነገረው ተረት ለምን ነበር? ልጁ በእናቱ ጉያ ሆኖ፣ እሳቱ እየሞቀው፣ በልክ እንዲፈራ ነው። ሲመሽ በየግቢው የሚጫወቱት ድብብቆሽም እንዲሁ ነው። የተደበቀው ልጅ ከአጥር ሥር ትንፋሹን ይዞ የፈላጊውን ኮቴ ሲያዳምጥ፣ ገና ምንም የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሳይኖር፣ እኔ የምናገረውን ዐይነት ጨዋታ መጫወቱ ነበር።

ደግሞም በእነዚህ ጨዋታዎች ጀግናው ፎካሪ አይደለም። ያለው ጥይት ሁሉንም ጠላት ለመጨረስ አይበቃውም፤ ዓላማውም መግደል ሳይሆን ወጥቶ ወደ ቤቱ መግባት ነው፤ ወይም እንደ ሃሪ ልጁን ማግኘት ነው። መሸሽ በሚገባው ጊዜ ይሸሻል፤ ነውርም አይሆንበትም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባልለት ዐይነት ጀግንነት እዚያ ዋጋ የለውም። ጦርነትን እንደ ቀላል ነገር፣ መግደልንም እንደ ነጥብ መሰብሰቢያ ከሚያሳዩት ጨዋታዎች ይልቅ እነዚህን የምመርጠው በዚህ ምክንያት ነው። በአካባቢያችን ያየነው ነገር የገባው ሰው ምርጫዬን የሚነቅፍ አይመስለኝም።

ይሁን እንጂ ልቅ ነገር አልደግፍም። አንደኛ፣ ዕድሜ ይጠበቅ። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ የተቋቋመው የቪዲዮ ጨዋታዎችን ደረጃ የሚመድበው ቦርድ «ሬዚደንት ኢቭል»ን የመደበው 17 ዓመት ለሞላቸውና ከዚያ በላይ ለሆኑት ነው። ደምና ሬሳ ስላለበት ምደባው ተገቢ ነው። የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ልጆች ይቈዩ፤ ጨዋታው አይሸሽም፤ እስከ ዛሬም ቆይቷል። ሁለተኛ፣ ጊዜ ይወሰን። በፈተና ሰሞን መሣሪያው ከሣጥን አይውጣ፤ በሌላው ጊዜም በሳምንት አንድና ሁለት ሰዓት ይበቃል። ጨዋታው ራሱ ሪባንን በቁጠባ እንዲያዝ ካስተማረ፣ ተጫዋቹ ሰዓቱን ያለ ቁጠባ ቢበትን ምን ተማረ ይባላል? ሦስተኛ፣ ገንዘብ ይታሰብ። ለጌም ተብሎ የደብተር ወይም የቤት ኪራይ ገንዘብ አይነካ። ከገጠር ቀበሌ መጥቶ በከተማ ተከራይቶ የሚማር ልጅ ስንቁ በየሳምንቱ በእናቱ ጀርባ እንደሚመጣለት አይርሳ።

በዚህ በኩል ደግሞ የቀድሞዎቹ ጨዋታዎች ለአቅመ ደካማ ሰው የሚመቹ ናቸው። አሁን ኩባንያዎቹ የጥንቶቹን እንደ ገና እየሠሩ ያወጣሉ፤ «ሬዚደንት ኢቭል 2» እ.ኤ.አ. በ2019፣ «ሳይለንት ሂል 2» እ.ኤ.አ. በ2024 በአዲስ መልክ ወጥተዋል። መልካቸው ያማረ ነው፤ ነገር ግን እጅግ ውድ መሣሪያና ፈጣን ኢንተርኔት ይፈልጋሉ። የመጀመሪያው «ሬዚደንት ኢቭል» ግን ሙሉ በሙሉ በአንድ ሲዲ ተጠቃሎ የተሸጠ ነው፤ ዛሬ ባገለገለ የእጅ መሣሪያ ላይ ያለ ችግር ይሠራል። የድሮ መጽሐፍ ከሽፋኑ አርጅቶ ቃሉ እንደማያረጅ፣ መልካም ጨዋታም እንዲሁ ነው።

በመጨረሻ ከሁሉ ይልቅ በልቤ ያለውን ልናገር። የሰውን ፍርሃት ብቻ እየፈራን እስከ መቼ እንኖራለን? አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ የተባለ ድርጅት «ኩኩሉ» የተባለ የስልክ ጨዋታ ሠርቷል፤ በእርሱም አንዲት ዶሮ ከመታረድ ለማምለጥ ትሮጣለች። የገበጣን ጨዋታም ወደ ስልክ አምጥቶታል። እንግዲህ ባገራችን ሰው ሊሠራ እንደሚችል በዚህ ታይቷል። አስፈሪውንስ ማን ይሥራው? እኔ የእኛ ሰፈር ልጅ ቢሠራው እላለሁ፤ ነገሩ ሁሉ በእጁ አለና።

እስቲ አንድ የቆሎ ተማሪ እናስብ። ጋይንት ያላትን ማዕረግ ሁላችንም እናውቃለን፤ ቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት፣ ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬ መዋሥዕት። አንድ ልጅ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ በትሩን ይዞ ከአንዱ ጉባኤ ወደ ሌላው ለመድረስ ይነሣል። ጉሙ ወርዷል፤ ቀኑም እየመሸ ነው። አኩፋዳው ጥቂት ነገር ብቻ ይይዛል፤ ቆሎውን ከያዘ ለጧፉ ቦታ ያጣል፤ ጧፉን ከተወ መንገዱ አይታየውም። ከየአጥሩ ውሻ ይወጣበታል፤ በትሩን በሁሉም ላይ ከሰነዘረ ይሰበርበታል። የሚያድርበትን ቤት ማግኘት አለበት፤ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ሲለምን የሚከፍት ደግ ቤት አለ፤ የማይከፍትም አለ። ከሩቅ የጅብ ድምፅ ይሰማል፤ ጅቡ ግን አይታይም። እጥረቱም ጉሙም በሩም ኮቴውም ሁሉ አሉ፤ ከጃፓን የሚመጣ ምንም አያስፈልግም። በእነዚያ ጨዋታዎች ውሾች መስኮት ሰብረው በመግባታቸው የዓለም ሰው ሲደነግጥ ኖሯል፤ የእኛ የቆሎ ተማሪ ግን ያን ድንጋጤ ከብዙ ዘመን በፊት ያውቀዋል።

ስለዚህ ተማሪዎች ሆይ፤ ዕድሜያችሁ የደረሰ፣ ጊዜያችሁን የምታውቁ፣ የእጅ መሣሪያም ያገኛችሁ እነዚህን የቀድሞ ጨዋታዎች ብትጫወቱ አልነቅፋችሁም። ስትጫወቱ ግን እንደ ተማሪ ተጫወቱ። ለምን ፈራሁ? ሠሪው ምን ደበቀብኝ? በ2 ሜጋ ባይት ይህን እንዴት አደረገው? ብላችሁ ጠይቁ። ወላጆችም መሣሪያውን ከልጃችሁ እጅ ከመንጠቃችሁ በፊት አጠገቡ ተቀምጣችሁ አንዲት ክፍል ያህል አብራችሁት ብትሄዱ፣ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ፤ እርሱም ብቻውን አይፈራም። ሒሳቡን፣ ሥዕሉንና የኮምፒዩተሩን ትምህርት በርትቶ የሚማር ካለ ደግሞ የጉናን ጉም በመዳፍ ላይ የሚያሳየን አንድ ቀን እርሱ ይሆናል። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጅ ያን ቀን በራሱ አገር ጉም ውስጥ ይፈራል፤ መውጫውንም ራሱ ያገኘዋል።